የሰርጋችሁን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አስጨመቃችሁት?

በብዙዎቻችሁ ቤት፣ ቁም ሳጥን ግርጌ ወይም ቡፌው መሳቢያ ውስጥ፣ አንድ የሰርግ ዲቪዲ አለ። ሽፋኑ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ከሥሩ በወርቃማ ፊደል ቀኑ ተጽፏል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከዚያ የቀደመ፣ ክሩ መላላት የጀመረ የቪዲዮ ካሴት አላችሁ። እነዚህን ነገሮች የምታወጧቸው ሁልጊዜ ለደስታ አይደለም። አያት ሲያርፉ፣ አባት ሲለዩ፣ ከለቅሶው መሀል አንድ ሰው «ልጆቹን ሲመርቁ ተቀርጾ ነበር እኮ» ይላል። ቤተሰቡ ፍለጋ ይገባል። ይገኝና በአንዱ ስልክ ላይ ይከፈታል። ያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው፤ በፊት ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው የሽማግሌው ፊት አራት ማዕዘን ጠቃጠቆ ሆኗል፤ ዓይናቸው የት እንዳለ እንኳ በግምት ነው።

ዲስኩ አልተጫረም፤ ካሴቱም አልሻገተም። ምስሉ የጠፋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ በየመንገዱ «ኮንቨርት» ሲደረግ ነው። በዚህ ወር የምናወራው ስለዚህ ጉዳት ነው፤ ሰው በገዛ እጁ፣ አንዳንዴም ገንዘብ ከፍሎ፣ ስለሚያደርሰው ጉዳት። ደግነቱ ይህን ማስቀረት ይቻላል፤ ውድ መሣሪያም አይፈልግም።

ኮንቨርት ሲደረግ ምን ይሆናል?

ቪዲዮ የሚጨመቀው ቦታ ስለማይበቃ ነው። በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ማለትም በፓል፣ አንድ የዲቪዲ ምስል በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች አሉት። በሴኮንድ 25 ምስል ያልፋል። ይህ ምንም ሳይነካ ቢቀመጥ አንድ ሰዓቱ ብቻ ከ50 ጊጋ ባይት በላይ ይፈጃል። ተራው ዲቪዲ የሚይዘው ግን 4.7 ጊጋ ባይት ነው። ስለዚህ ምስሉ ከአሥር እጥፍ በላይ መቀነስ አለበት። በዲቪዲ ላይ ይህን የሚሠራው ስልት ኤምፔግ ሁለት ይባላል።

ስልቱ ብልህ ነው። በየግማሽ ሴኮንዱ ገደማ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጣል። በመካከል ያሉትን ግን ሙሉ በሙሉ አይጽፋቸውም፤ «ሁሉም እንደነበረ ነው፣ የሙሽራዋ እጅ ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄዷል» እያለ ለውጡን ብቻ ይመዘግባል። በዚያ ላይ፣ ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ረቂቅ ነገር ይጥላል። የጣለው ተመልሶ አይመጣም።

የመጀመሪያው ጭመቃ ይህን ሲያደርግ ፊቱ ያለው ትክክለኛው ምስል ነው፤ በአግባቡ ከተሠራ የሚጥለውን መርጦ ይጥላል። ሁለተኛው ጭመቃ ግን ትክክለኛውን ምስል አላየም። የሚቀበለው አንድ ጊዜ የተጎዳውን ነው። የመጀመሪያው ጭመቃ ትቶት የሄደውን የካሬ ጠርዝ እውነተኛ መስመር መስሎት በጥንቃቄ ይይዘዋል፤ ቦታ ሲጠበው ደግሞ ከቀረው እውነተኛ ነገር ላይ ይቀንሳል። ሦስተኛው መጥቶ የሁለተኛውን ስህተት ያከብራል። ባለሙያዎቹ ይህን ሪኢንኮዲንግ ይሉታል፤ በእኛ ቪዲዮ ቤቶች «ኮንቨርት» የሚባለው አብዛኛው ሥራ እሱ ነው።

ቡና የምታፈሉ ሰዎች ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም። አቦል ከአዲስ ዱቄት ይፈላል፤ ቶና በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ነው፤ በረካም እንዲሁ። ልዩነቱ በረካ በረከት አለው፣ የቪዲዮ ሦስተኛ ዙር ግን የለውም። ሌላም ልዩነት አለ። የቡናው መቅጠን ስኒው ላይ ይታያል፤ የቪዲዮው መቅጠን ግን በፋይሉ መጠን አይታወቅም። አንድ ጊጋ የነበረው ተጨምቆ ሦስት ጊጋ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። «ትልቅ ስለሆነ ጥራቱ ጨምሯል» ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ የተጎዳውን ምስል በሰፊ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚሄደው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ ቅጂያችሁን ስትከፍቱ እሱን ተመልከቱ። የነጠላ ሽመና ይሄዳል፤ ነጩ በነጭ ላይ ያለው ረቂቅ ክር አንድ ወጥ ሰሌዳ ይሆናል። የጥበቡ ቀለማት እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። በሻማ ወይም በደበዘዘ የአዳራሽ መብራት የተቀረጸው ጥቁር ክፍል በካሬ ካሬ ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ እስክስታው አለ፤ ስለ እሱ ጥቂት ልቆይ።

የድሮ ካሜራዎች በሴኮንድ 25 ምስል ይዘዋል ሲባል እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍለው ነው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ከዚያ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን። ስለዚህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 የተለያዩ የእንቅስቃሴ ቅጽበቶች አሉ። ካሴቱም ዲቪዲውም ይህን ይጠብቃል። ብዙ የኮንቨርት ፕሮግራሞች ግን ሁለቱን ግማሾች አዋህደው፣ ከ50ው ቅጽበት 25ቱን ብቻ ያስቀራሉ። ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ግን ይታወቃል፤ እንደ ውሃ ይፈስ የነበረው እስክስታ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ አሳምረን ነበር የጨፈርነው» የምትል አክስት ካለቻችሁ እውነቷን ነው።

የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ጉዞ

እስቲ የአንድን ቪዲዮ ሕይወት እንከተል። የሆነ ልዩ ቤተሰብ አይደለም፤ የብዙዎቻችሁ ነው። ሰርጉ በሚኒ ዲቪ ካሴት ተቀረጸ። ኤዲተሩ ቆርጦ፣ ዘፈን አስገብቶ ዲቪዲ አደረገው። ይህ የመጀመሪያው ከባድ ጭመቃ ነው፤ ዲቪዲ ያለ እሱ አይሠራምና አስፈላጊ ነው። ከዓመታት በኋላ ወንድም ዲቪዲውን «ወደ ኮምፒውተር ላስገባው» ብሎ ወደ ኤምፒ ፎር ኮንቨርት አደረገው፤ ሁለት። በቴሌግራም ለቤተሰቡ ግሩፕ ላከው፤ መተግበሪያው ቪዲዮውን አሳንሶ ጨመቀው፤ ሦስት። እህት ከግሩፑ አውርዳ «እማዬ በዲቪዲ ማጫወቻዋ ትየው» ብላ ቪዲዮ ቤት ወሰደችው፤ ወደ ዲቪዲ ተመለሰ፤ አራት። ዲስኩ ተጫረና ከዚያው ከአራተኛው ሌላ ተሠራ፤ አምስት።

ከአምስቱ የግድ የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው በቀጥታ ቅጂ ሊተካ ይችል ነበር። ሦስተኛው አንድ ምርጫ በመቀየር ይቀራል። አራተኛውም አምስተኛውም ጭራሽ አያስፈልጉም፤ ዋናው ዲቪዲ ካለ ዲስክ ከዲስክ መቅዳት ነው፣ አለቀ። የእማዬ ማጫወቻ የሚፈልገው ያው መጀመሪያ የነበረውን ነው።

ዲቪዲውን ወደ ኮምፒውተር ማውጣት

የቤት ዲቪዲ ስትከፍቱ «ቪዲዮ ቲ ኤስ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። በውስጡ መጨረሻቸው «ቪ ኦ ቢ» የሆኑ ትልልቅ ፋይሎች አሉ። ምስሉና ድምጹ ያለው እነዚህ ውስጥ ነው። እያንዳንዳቸው ከአንድ ጊጋ ባይት አይበልጡም፤ ረጅሙ ቪዲዮ ተከፋፍሎ ተቀምጧል ማለት ነው። «አይ ኤፍ ኦ» የሚሉት ትንንሾች የማውጫና የአድራሻ ፋይሎች ናቸው፤ «ቢ ዩ ፒ» የሚሉት የእነሱ መጠባበቂያ ናቸው።

ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። በእውነት ይኸው ነው። ኮፒ፣ ፔስት። ምንም አይጨመቅም፤ አንድ ነጥብ እንኳ አይለወጥም። ቪ ኤል ሲ የሚባለው ነፃ ማጫወቻ ፎልደሩን ልክ እንደ ዲስክ ከፍቶ ከነማውጫው ያሳያችኋል። ዲስኩን በሙሉ አንድ የአይሶ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ወደፊት ሌላ ዲስክ መጻፍ ስትፈልጉ ከእሱ በቀጥታ ይጻፋል።

የተቆራረጡት ፋይሎች አስቸግረዋችሁ አንድ ወጥ ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ሜክ ኤምኬቪ የተሰኘ ፕሮግራም አለ፤ ለዲቪዲ ሥራ ክፍያ አይጠይቅም። ምስሉን ሳይነካ ከአንዱ መያዣ ወደ ሌላው ያሸጋግረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤምፒ ፎር፣ ኤም ኬ ቪ፣ ቪ ኦ ቢ የሚባሉት የዕቃው ስሞች ናቸው እንጂ የምግቡ አይደሉም። ወጡን ከድስት ወደ ሳህን ብትገለብጡት ወጥነቱ አይለወጥም። ኮንቨርት ማድረግ ግን ወጡን እንደገና መሥራት ነው። በአንጻሩ ሃንድብሬክ የሚባለው በጣም የታወቀ ፕሮግራም ቪዲዮውን ሁልጊዜ እንደገና ይጨምቃል፤ ሥራው ይኸው ነውና አልነቅፈውም፣ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም።

በትንንሽ የዲስክ ካሜራ ለቀረጻችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ዲስኮች በካሜራው ራሱ «ፋይናላይዝ» ካልተደረጉ ሌላ መሣሪያ ላይ አይከፈቱም። ካሜራው ሳይጣል ያን አድርጉ።

መቁረጥና ማያያዝ

«የሦስት ሰዓቱን ቪዲዮ ሳይሆን የአባባን ምርቃት ብቻ ነው የምፈልገው» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ይህም ያለ ጭመቃ ይቻላል፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ሙሉ ምስል ያለው በየግማሽ ሴኮንዱ ገደማ ነው። መቁረጫችሁ ያ ሙሉ ምስል ላይ ካረፈ ፋይሉ እንደ እንጀራ ይቆረጣል። በሁለቱ መካከል ካረፈ ግን የሚከተሉት ምስሎች የሚመረኮዙበት የላቸውም። ስለዚህ ቀላሉ መላ ግማሽ ሴኮንድ ቀደም ብሎ መጀመር ነው። አባባ «አሜን በሉ» ከማለታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቢሰማ ምን ይጎድላል? እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

ሎስለስከት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። የስልክ ቪዲዮም፣ ከዲቪዲ የወጣውንም ሳይጨምቅ ይቆርጣል፤ ተመሳሳይ ዓይነት የሆኑትን ደግሞ ያያይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከሦስት ዲቪዲ የተመረጡ ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ሰርጉን፣ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትናንና የአያትን የመጨረሻ ገና፣ በአንድ ዲስክ ላይ ከነማውጫው ማድረግ ትፈልጋላችሁ እንበል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የቪዲዮ ቤት ሠራተኛም ጭምር፣ ዲቪዲ ማዘጋጀትና ቪዲዮ መጨመቅ አንድ ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። ዲቪዲ ማዘጋጀት ማለት ማውጫ መሥራት፣ ምዕራፍ መክፈል፣ ፋይሎቹን በሥርዓቱ መደርደር ነው። ምዕራፍ አድራሻ ብቻ ነው፤ «ከዚህ ሰዓት ጀምር» የሚል ጽሑፍ። ማውጫው ለብቻው የተሠራ አጭር ምስል ነው። ዋናውን ቪዲዮ መንካት አያስፈልግም፤ ከዲቪዲ የወጣ ስለሆነ ለዲቪዲ ልክ ሆኖ ተሠርቷልና።

ችግሩ ፕሮግራሞቹ ነገሩን ለማቅለል ብለው ሁሉንም ነገር እንደገና መጨመቃቸው ነው። የገባላቸው ቪዲዮ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይመረምሩ «ለማንኛውም» ይጨምቁታል። ስለዚህ ምርጫውን ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ። ዲቪዲ ስታይለር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የእያንዳንዱ ቪዲዮ ባሕርይ መስኮት ውስጥ ከዝርዝሩ «ኮፒ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ለምስሉም ለድምጹም። በሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ደግሞ «ስማርት ሬንደሪንግ» ወይም «ስማርት ኢንኮዲንግ» የሚል ስም ይይዛል፤ ትርጉሙ የተቆረጠበትን አካባቢ ብቻ እንደገና ጨምቆ ሌላውን እንዳለ ማሳለፍ ነው።

ይህ እንዲሠራ ቪዲዮው የዲቪዲን መስፈርት ማሟላት አለበት፤ ኤምፔግ ሁለት፣ 720 በ576፣ 25 ምስል በሴኮንድ፣ ድምጹ 48 ኪሎ ኸርዝ። አንዳንዴ ምስሉ ልክ ሆኖ ድምጹ ብቻ 44.1 ሆኖ ይገኛል፤ ይህ የሲዲ ልክ ነው። ያኔ ድምጹን ብቻ ቀይሩ። ምስሉና ድምጹ አንድ ላይ ቢጓዙም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የአንዱ በሽታ ለሌላው መድኃኒት መዋጥ ምክንያት አይሆንም። የዘፈኑ ድምጽ ከንግግሩ በልጦ ካስቸገረም እንዲሁ ነው።

ስፋቱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። የድሮው ምስል ከካሬ እምብዛም ያልራቀ፣ አራት በሦስት ነው። በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ሰዉ ሁሉ ወፍሮ፣ አጥሮ ይታያል። «አስተካክሉልኝ» ስትሉ ሙሉውን ቪዲዮ እንደገና የሚጨምቅ አይጠፋም። መጀመሪያ ግን የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንሱ፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው እዚያ ነው።

አንድ ዲስክ ስንት ሰዓት ይይዛል?

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ዲስክ ዋጋ ለመቆጠብ ይሞከራል። ስሌቱ ቀላል ነው። የዲቪዲ ሥርዓት ለምስል ብቻ በሴኮንድ እስከ 9.8 ሜጋ ቢት ይፈቅዳል። በዚያ መጠን ከሄዳችሁ 4.7 ጊጋ ባይቱ ዲስክ አንድ ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ከጫናችሁበት ለምስልም ለድምጽም በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ለቤት ቪዲዮ ደህና ነው። አራት ሰዓት ከሆነ 2.6 ብቻ። ሰርግ ደግሞ እንቅስቃሴ የበዛበት ነው፤ ጭፈራ፣ የካሜራ መብራት፣ የሚበተን አበባ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ሕዝብ። በ2.6 እንዲህ ያለ ነገር አይቀመጥም፤ ይሰባበራል።

ሁለት ሙሉ ዲስኮችን «ወደ አንድ አድርጉልኝ» ብላችሁ ስትሰጡ የምታዙት ይህንን ነው፤ በአግባቡ የተጨመቀውን ወደ ግማሹ ማውረድ። ሁለት ዲስክ ይሁን። ወይም 8.5 ጊጋ የሚይዘውን ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ጠይቁ፤ ከተገኘ። በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ለምታስቀምጡ ደግሞ ይህ ጭቅጭቅ ጭራሽ የለም። 64 ጊጋ ፍላሽ ላይ አሥራ ሁለት ሙሉ ዲቪዲ፣ አንድም ነጥብ ሳይነካ ይገባል።

ካሴት ላላችሁ

የድሮው ትልቁ የቪዲዮ ካሴት፣ ቪኤችኤስ፣ ዲጂታል ስላልሆነ ወደ ዲጂታል ሲገባ መቀረጹ የግድ ነው። ዴኩም እየጠፋ ነው፤ የመጨረሻው የታወቀ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ አትዘግዩ። ስታስቀዱ ግን ቀጥታ ከፍ ባለ ጥራት ይቀረጽና ያ ፋይል ለእናንተ ይሰጣችሁ፤ ዲቪዲው ከእሱ ይሠራ። በካሴት ላይ ያለው የምስል ጭረትና ጉም ለጨማቂው ፕሮግራም ከባድ ሥራ ነው፤ ጉሙን እውነተኛ ነገር መስሎት ቦታውን ይፈጅበታል፤ ለፊቱ የሚተርፈው ያንሳል።

ትንሹ ሚኒ ዲቪ ካሴት የተለየ ነው። ውስጡ ያለው ዲጂታል ነው። በፋየርዋየር ገመድ ሲወጣ የካሴቱ ይዘት እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ አንድ ሰዓቱ 13 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። «ይህ በጣም ትልቅ ነው፣ ላሳንስላችሁ» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ከእሱ የተሻለ ቅጂ በምድር ላይ የለም።

ስለ «ኤችዲ እናደርግላችኋለን» ማስታወቂያም አንድ ቃል። የዲቪዲ ምስል 414,720 ነጥቦች አሉት፤ ሙሉ ኤችዲ 2,073,600። ከአምስቱ ነጥብ አራቱ ከየት ይመጣል? ከግምት ነው። ቴሌቪዥናችሁ ይህን ግምት ዲቪዲ በተከፈተ ቁጥር ራሱ በነፃ ይሠራዋል። ፊትን «የሚያጠሩት» አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ፤ የደበዘዘውን የአያታችሁን ፊት አጥርተው የሚያቀርቡት የሌላ ሴትዮ ፊት አድርገው ሊሆን ይችላል። ለጨዋታ ከሆነ ምንም አይደል፤ ዋናውን አስቀርታችሁ ሞክሩት።

የግድ ሲሆን

መጨመቅ ኃጢአት አይደለም። በጣም የጨለመን ምስል ለማብራት፣ ምስሉ ላይ ስም ለመጻፍ፣ በስልክ የተቀረጸውን ዲቪዲ ለማድረግ መጨመቅ ግድ ነው። የትርጉም ጽሑፍ ግን ግድ አይደለም፤ ዲቪዲ ጽሑፉን ከምስሉ ለይቶ ይይዛል፣ ሲፈለግ ይበራል፣ ሲፈለግ ይጠፋል። የግድ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ማስተካከያ ባንድነት ተሠርቶ ከመጀመሪያው ቅጂ ይጨመቅ። ዛሬ ማብራት፣ ነገ ስም መጻፍ፣ ከነገ ወዲያ ዘፈን መቀየር፣ በየመሀሉ እየጨመቁ፣ ቶናና በረካ ነው።

በዚህ ዓመት ለምትጋቡ ወይም ልጅ ለምትድሩ ይህን እላለሁ፦ ከቪዲዮ ቤቱ ጋር ስትዋዋሉ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሳይፈጸም፣ ከዲቪዲው በተጨማሪ ኤዲት የተደረገውን ዋና ፋይል በሙሉ ጥራቱ በፍላሽ ጠይቁ። የዛሬ ካሜራ የሚቀርጸው ቢያንስ በኤችዲ ነው፤ ዲቪዲው የዚያ አንድ አምስተኛ ነው። ብዙዎቹ ይሰጣሉ፤ ካልተጠየቁ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ከሃርድ ዲስካቸው ሊያጠፉት ይችላሉ፤ አይፈረድባቸውም፣ በየቅዳሜና እሁዱ ሰርግ አለ።

ቪዲዮ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ጥያቄያችሁ «ዲቪዲውን ወደ ፍላሽ ታደርጉልኛላችሁ?» አይሁን። «ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጉልኝ፤ ኮንቨርት እንዳታደርጉት» በሉ። መጨመቁን አለመጨመቁን የምታውቁበት መንገድም አለ። ኮፒ ማድረግ ለአንድ ሙሉ ዲስክ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ላፕቶፑም ዝም ብሎ ይሠራል። ኮንቨርት ከሆነ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ላፕቶፑ ይግላል፣ «ነገ ተመለሱ» ሊሏችሁም ይችላሉ። መጨረሻ ላይ መጠኑን እዩ፤ የዲስኩና የቅጂው ጊጋ ባይት እኩል መሆን አለበት።

ለውጭ ዘመድ ስትልኩ

ቴሌግራም ላይ ቪዲዮውን በተለመደው መንገድ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ፤ እስከ 2 ጊጋ ባይት የሆነን ፋይል ሳይነካ ያደርሳል። የዲቪዲው ፋይሎች ከአንድ ጊጋ የማይበልጡ ስለሆኑ እንዳሉ ያልፋሉ። ዋትሳፕም ላይ «ዶክመንት» በሚለው ይላካል። ዩቲዩብ የተጫነበትን ሁሉ እንደገና ይጨምቃል፤ ለማሳየት ጥሩ ነው፣ እንደ ማስቀመጫ ግን አትቁጠሩት። ጉግል ፎቶስም «ኦሪጅናል» የሚለው ካልተመረጠ ያሳንሳል።

ዲስኩን በፖስታ ወይም በተጓዥ እጅ ለምትልኩ፣ የሚደርስበት አገር ይለያያል። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደ እኛው ፓል ናቸው፤ ችግር የለም። አሜሪካና ካናዳ ግን የኖሩት በሌላ ሥርዓት ነው፤ ኤንቲኤስሲ ይባላል፣ ቁመቱ 480 መስመር፣ ፍጥነቱ 30 ምስል በሴኮንድ ገደማ። እዚያ የተሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች የእኛን ዲስክ አይቀበሉም። ለዚህ ሲባል ዲስኩን ወደ ኤንቲኤስሲ ማስቀየር 96 መስመር ማስቆረጥና በሌሉ ምስሎች ማሟላት ነው። ዘመዳችሁ ኮምፒውተር ካላቸው ያው የፓል ዲስክ በቪ ኤል ሲ ያለ ምንም ለውጥ ይከፈታል። ኮምፒውተር የማይነኩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት ከሆኑና ማጫወቻቸው ብቻ ካለ፣ ለእሳቸው አንድ የኤንቲኤስሲ ዲስክ አሠሩላቸው። ከዋናው ይሠራ። ፓሉን ደግሞ በፍላሽ አድርጋችሁ አብራችሁ ላኩ፤ «ይህኛውን አስቀምጡት» ብላችሁ ፍላሹ ላይ ጻፉበት።